ውል የምትበላ ፍየል፦ ለኮሜዲ ፊልም የአኒማትሮኒክ እንስሳ አሠራርና አጨዋወት

በአማርኛ ኮሜዲ ፊልሞች ውስጥ እንስሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ለጌጥ ነው፤ አህያ ከኋላ ታልፋለች፣ ዶሮ ግቢ ውስጥ ትጭራለች፣ ቀልዱን ግን የሚጨርሱት ሰዎቹ ናቸው። እንስሳዋ ራሷ ቀልዱን እንድትሸከም ሲፈለግ፣ ይኸውም በተባለው ቅጽበት ዞር ብላ እንድታፈጥና ምንም እንዳልተፈጠረ ማኘኳን እንድትቀጥል ሲፈለግ፣ እውነተኛ ፍየል ለማንም ዳይሬክተር አትታዘዝም። መፍትሔው አኒማትሮኒክ፣ ማለትም ግማሹ በእጅ፣ ግማሹ በሞተር የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት መሥራት ነው። በእንስሳ አሳብቦ ሰውን ማሳቅ እንደሆነ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ ራሱ የአውሬዎች ኮመዲያ ነበር።

ይህ መመሪያ አንድ ትዕይንት ይዞ ከስክሪፕቱ እስከ ቀረጻው ይሄዳል። ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ መውጫ ላይ ያለ የቆርቆሮ የደላላ ቢሮ ነው። ደላላው አንድ ትልቅ ሰው የመሬት ውል እያስፈረመ «ጋሼ፣ ይፈርሙ እንጂ! ቦታው ንጹሕ ነው፣ ምንም ጣጣ የለበትም» ሲል፣ በአጭሩ ግድግዳ ላይ አንገቷን ያስገባች ፍየል ውሉን ከጫፉ ጀምራ ትበላለች። ለአህያም ሆነ ለጅብ መሠረቱ አንድ ነው፤ ልዩነት ባለበት ቦታ እጠቁማለሁ።

ስክሪፕቱን በእንቅስቃሴ መቁጠር

መጋዝና ሙጫ ከመነሣቱ በፊት ስክሪፕቱ ይነበብና ፍየሏ በካሜራ ፊት የምታደርገው እያንዳንዱ ነገር ይጻፋል። በዚህ ትዕይንት ወረቀቱን ታያለች፣ ትነክሰዋለች፣ ታኝካለች፣ ደላላው ድምፁን ሲያነሣ አንድ ጆሮዋን ወደ እሱ ታዞራለች፣ ቀጥሎ ራሷን ታዞራለች፣ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ትገልጣለች፣ ከዚያ ወደ ማኘኳ ትመለሳለች። በዝርዝሩ ያልተጻፈ እንቅስቃሴ አይሠራም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው አፍንጫው እንዲነፋ፣ ምላሱ እንዲወጣ፣ ጭራው እንዲወዛወዝ ይመኛል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሞተር ግን ክብደት ይጨምራል፣ ድምፅ ያሰማል፣ በቀረጻ ቀንም የሚበላሽ አንድ ተጨማሪ ነገር ይሆናል። በእኔ እምነት የሚያስቀው እንስሳው የሚያይበት መንገድና ዝም የሚልበት ጊዜ ስለሆነ፣ ገንዘቡም ድካሙም አንገት፣ የዓይን ቆብና ጆሮ ላይ መዋል አለበት።

የትኞቹ ምስሎች በእውነተኛ ፍየል፣ የትኞቹ በአሻንጉሊቷ እንደሚቀረጹ የሚወሰነውም እዚሁ ላይ ነው። ፍየሏ ከመንገድ ወደ ቢሮው ስትመጣ በሰፊው የሚያሳየው ምስል የእውነተኛዋ ድርሻ ነው፤ ክሎዝ አፑ፣ ማለትም ከቅርብ የሚቀረጸው ምስል፣ የአሻንጉሊቷ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ቤብ የተባለ ፊልም እውነተኛ እንስሳትንና የአሻንጉሊት ባለሙያው የጂም ሄንሰን ወርክሾፕ የሠራቸውን ሜካኒካል እንስሳት በዚህ መልክ አቀያይሮ ተጠቅሟል፤ የአሳማ ግልገል ቶሎ ስለሚያድግ ለአንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ 48 ግልገሎች እየተፈራረቁ ተቀርጸዋል፣ ፊልሙም በቪዥዋል ኢፌክት (በልዩ የምስል ጥበብ) ኦስካር ተሸልሟል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት እውነተኛዋ ፍየል አስቀድማ መመረጥ እንዳለባት ነው። በአካባቢው ካሉ አርቢዎች ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ወይም በአንድ ነገር ለየት ያለች ፍየል ተፈልጋ፣ ባለቤቷ ለቀረጻው ቀን ተስማምቶ፣ አሻንጉሊቷ በእሷ ልክ ትሠራለች። ተመልካቹ ምልክቱን ካየ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አይጠራጠርም።

ፍየሏን በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት

ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ቀንድ ሥር፣ ከዓይን እስከ ዓይን፣ ከጆሮ ሥር እስከ ጆሮ ጫፍ፣ የአንገቷ ውፍረትም በራሷ በኩልና በትከሻዋ በኩል ይለካል። ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ስታኝክም ቢያንስ አንድ ረዘም ያለ ቪዲዮ ይቀረጻል።

በቪዲዮው ላይ ሦስት ነገሮች በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። አንደኛው፣ ፍየል የምታኝከው አገጯን ወደ ታችና ወደ ላይ ብቻ በማንቀሳቀስ አይደለም፤ የታችኛው መንጋጋ ወደ ጎን ሄዶ ዞር ብሎ ይመለሳል። አፉን ዝም ብሎ የሚከፍትና የሚዘጋ አሻንጉሊት የሚያወራ እንጂ የሚበላ አይመስልም። ሁለተኛው ጥርስ ነው፤ ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላትም፣ በቦታው ጠንካራ ድድ አለ፣ ስለዚህ ከላይ ነጭ ጥርስ የደረደረ ሰው ሥራውን ገና ከመጀመሪያው ያበላሻል። ሦስተኛውና ትልቁ ዓይኗ ነው። የፍየል ብሌን አግድም የተኛ ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ለሣር ራሷን ዝቅ ስታደርግ እንኳ ዓይኗ በጉድጓዱ ውስጥ ስለሚዞር ብሌኑ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆያል።

ዓይኖቿ ደግሞ ያሉት በራሷ ጎንና ጎን ነው። ይህ ለአሠራሩ ወሳኝ ነው፤ ሰው ወይም ውሻ የሚያየውን በዓይኑ ኳስ እንቅስቃሴ ያሳያል፣ ፍየል ግን የምታሳየው ራሷን በማዞር ነው። ከጎን ስትታይ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል፣ ፊቷን በቀጥታ ወደ ካሜራው ስታዞር ግን ሁለቱም ባንዴ ብቅ ይላሉ፤ ያች ቅጽበት ራሷ ቀልድ ናት። ስለዚህ ለፍየል የዓይን ኳስ የሚያንቀሳቅስ ሞተር አያስፈልግም። ጅብ ወይም ውሻ የሚሠራ ግን ዓይኖቹ ወደ ፊት ስለሚያዩ ሁለቱን ኳሶች በአንድ ቀጭን ዘንግ አያይዞ ግራና ቀኝ የሚያዞር አንድ ትንሽ ሰርቮ፣ ማለትም በታዘዘው ልክ ዞሮ የሚቆም ሞተር፣ መጨመር አለበት።

የራስ ቅል

የራስ ቅሉ ከ4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይቆረጣል። በጎን ፎቶግራፉ ልክ አንድ ቁራጭ በመሃል ይቆማል፣ በዓይኖቹ መስመር ሌላ ቁራጭ አግድም ያቋርጠዋል፤ ሁለቱ የሚጋጠሙበት ቦታ በኮላና በትናንሽ ብሎኖች ይታሰራል። ከኋላ የሰው እጅ የሚገባበት ክፍተት ይተዋል፣ በክፍተቱ ውስጥም የመጥረጊያ እንጨት ውፍረት ያለው አጭር እጀታ ይተከላል። አንቀሳቃሹ ክንዱን በአንገቷ ውስጥ አሳልፎ ይህን እጀታ ይይዛል፤ የእሱ ክንድ የፍየሏ አንገት፣ የእጁ አንጓ ደግሞ የራሷ መዞሪያ ይሆናል። በሞተር የሚሠራ አንገት ለመሥራት የሚቃጣው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ለዚህ ክብደት የሚበቃ ሞተር ውድ ነው፣ ድምፁም ከፍተኛ ነው፣ የሰው ክንድ ያለውን ለስላሳነትም አያገኝም።

የተጠናቀቀው ራስ ከ1 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ያድርጉ። ክንድን ወደ ላይ ዘርግቶ ለሚይዝ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ቀንድ አይጠቀሙ፤ ከስፖንጅ ቀርጸው በጋዜጣና በኮላ ደራርበው ያልብሱት፣ ሲደርቅ ቀለበቶቹን በወፍራም ክር ጠምጥመው ያውጡና ቀለም ይቀቡት።

በእንጨቱ ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ ጠንከር ያለ የፍራሽ ስፖንጅ ቢሆን ይመረጣል። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ይቀባል፣ ሲነካ ጣት ላይ መጣበቁ እስኪቀንስ ይጠበቃል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይጋጠማል፤ አንዴ ከያዘ አይላቀቅምና እጅዎ እንዳይሳሳት ቦታውን አስቀድመው በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት። ይህ ሥራ ደጅ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ቤት ይሠራ፤ የማስቲሽ ሽታ ራስ ያዞራል፣ እሳት አጠገቡ ሊኖር አይገባም። ስፖንጁ ከተለጠፈ በኋላ በስለታም መቀስ ጥቂት በጥቂት እየተላገ ይቀረጻል። የጉንጭ አጥንቱንና ከዓይን በላይ ያለውን ጉብታ ትንሽ አጋንነው ይተዉት፤ ፀጉር ሲለብስ ግማሹ ይጠፋል።

መንጋጋ

የታችኛው መንጋጋ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ምላስ መሰል ቁራጭ ሲሆን፣ ከራስ ቅሉ ጋር የሚያያዘው በበር ማጠፊያ አይደለም። ማጠፊያ ወደ ታችና ወደ ላይ ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ወደ ጎን አይሄድም። በምትኩ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ ሰፋ ያለ ቁራጭ ይወሰድና አንዱ ጫፍ በራስ ቅሉ፣ ሌላው በመንጋጋው ላይ በሁለት ሁለት ብሎንና ዳዶ ይታሰራል፤ በብሎኖቹ ራስ ሥር የላሜራ ቁራጭ ካልገባ ጎማው ይቀደዳል። ጎማው በሁሉም አቅጣጫ ስለሚታጠፍ መንጋጋው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ወደ ግራና ቀኝም ይንሸራተታል፤ ሲለቀቅ ደግሞ በራሱ ጉልበት ወደ ቦታው ይመለሳል።

በመንጋጋው ላይ የአውራ ጣት ማስገቢያ የቆዳ ቀለበት ይሰፋል። አራቱ ጣቶች እጀታውን ይይዛሉ፣ አውራ ጣት ብቻውን ያኝካል። ለዚህ ክፍል ሞተር ማስገባት የለብዎትም፤ የማኘክ ምት ከተዋናዩ ንግግር ጋር መፍጠንና መዘግየት ስላለበት፣ ያንን የሚያደርግ ጣት እንጂ ፕሮግራም አይደለም። የአፉ ውስጥ በጥቁር ወይም በጥቁር ሮዝ ስስ ቆዳ ይለበጣል፤ የድሮ የእጅ ቦርሳ ገበር ለዚህ ይበቃል።

ዓይን፣ የዓይን ቆብና ጆሮ

ለዓይን ኳስ የፒንግ ፖንግ ኳስ ይበቃል። ዲያሜትሩ 40 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከእውነተኛ የፍየል ዓይን ተለቅ ይላል፤ ለኮሜዲ ይህ ጥፋት ሳይሆን ጥቅም ነው። ኳሱ በቢጫ ቡናማ ቀለም ይቀባል፣ ብሌኑም አግድም በጥቁር ይሣላል፣ በመጨረሻ ግልጽ ኢፖክሲ ይፈስበታል። የጥፍር ቀለም ርካሽ ቢሆንም ኳሱን ሊያሟሟው ስለሚችል አይመከርም። ሲተከል ራሷ በትዕይንቱ ረጅሙን ጊዜ በምታሳልፍበት አቋም፣ ማለትም ወደ ጠረጴዛው ትንሽ ዘንበል ባለችበት ሁኔታ፣ ብሌኑ ከመሬት ጋር ትይዩ እንዲሆን ተደርጎ ይጣበቅ። ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም የተንጋደደ ብሌን የሞተ እንስሳ ያስመስላታል።

የዓይን ቆቡ ከኳሱ ጥቂት ከሚሰፋ ሌላ የፕላስቲክ ኳስ ሩቡ ተቆርጦ ይሠራል፤ የሁለቱ ዓይኖች ቆቦች በአንድ ዘንግ ይያያዙና በአንድ ባለ 9 ግራም ሰርቮ፣ ለምሳሌ ኤስጂ90 በሚባለው፣ ይንቀሳቀሳሉ። ይህ ሞተር 60 ዲግሪ ለመዞር 0.1 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀርጽ ካሜራ ይህ 2 ወይም 3 ፍሬም ማለት ስለሆነ ለፈጣን ጥቅሻ ይበቃል። ቆቡ በቀጭን ቆዳ ይሸፈን፣ ሲከፈትም ከዓይኑ በላይ ያለው ቆዳ ሥር ተንሸራቶ እንዲገባ ክፍተት ይተውለት። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ፀጉር ይገባበትና ፍየሏ አንድ ዓይኗን ጨፍና ትቀራለች።

ለጆሮዎቹ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰርቮ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ሞተር ማሰር ቁጠባ ይመስላል፣ ነገር ግን ትልቁ ቀልድ ራሷን ሳታዞር አንድ ጆሮዋን ብቻ ወደ ደላላው ስታቀና ነው፤ ያን ጊዜ ፍየሏ ነገሩን እየሰማች እንደሆነ ተመልካቹ ይገባዋል። የጆሮው አጥንት ከልብስ መስቀያ ሽቦ ይታጠፋል። የሞተሩ ጉልበት መብቃቱን ማስላት ይቻላል፦ ኤስጂ90 በ4.8 ቮልት 1.8 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ያህል ጉልበት አለው። 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ግራም ክብደት ያለው ጆሮ የክብደት መሃሉ ከሥሩ 7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ 0.21 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ብቻ ይፈልጋል። ለአህያ ጆሮ ስሌቱ በአዲስ መልክ ይሠራ፤ ከሞተሩ አቅም ግማሽ በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ተለቅ ያለና የብረት ጥርስ ያለው ሰርቮ ይገዛ።

የኤሌክትሪክ ሥራው

ሦስት ሰርቮ፣ አንድ አርዱይኖ ኡኖ (ሞተሮቹን የሚያዝ፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ)፣ አንድ ጆይስቲክ፣ አንድ መጫኛ ቁልፍና አንድ የባትሪ ቤት ይበቃል። እያንዳንዱ ሰርቮ ሦስት ሽቦ አለው፤ በኤስጂ90 ላይ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ቡናማው ኔጌቲቭ፣ ብርቱካናማው የትእዛዝ ሽቦ ነው። በትእዛዝ ሽቦው በየ20 ሚሊ ሰከንዱ አጭር ምት ይላካል፤ ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ሞተሩ መሃል ላይ ይቆማል፣ ወደ 1 ሲያጥር ወይም ወደ 2 ሲረዝም ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። የአርዱይኖ የሰርቮ ላይብረሪ፣ ማለትም አስቀድሞ የተጻፈ የፕሮግራም ክፍል፣ ይህን ስለሚያዘጋጅ ፕሮግራሙ ረጅም አይደለም።

ሞተሮቹን በቀጥታ ከአርዱይኖው 5 ቮልት መመገብ የተለመደ ስሕተት ነው። ሦስቱ ባንድነት ሲነሡ ቮልቴጁ ይወርድና ሰሌዳው ጠፍቶ ይበራል፣ ፍየሏም በትዕይንቱ መሃል ትንቀጠቀጣለች። ለሞተሮቹ ለብቻቸው አራት የሚሞሉ 1.2 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 4.8 ቮልት ይስጧቸው፤ የባትሪውና የአርዱይኖው ኔጌቲቭ ግን መገናኘት አለባቸው፣ አለዚያ ትእዛዙ አይደርስም።

ሰርቮው ቦታው ላይ ከመታሰሩ በፊት መሃል ላይ እንዲቆም ይደረግና ክንፉ (በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው የፕላስቲክ ክንድ) ከዚያ በኋላ ይገጠማል። ቀጥሎ ቆቡ ሙሉ በሙሉ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ልክ በሙከራ ተፈልጎ በፕሮግራሙ ውስጥ ወሰን ይደረጋል፤ ሞተሩ ግድግዳ እየገፋ ከቆየ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ጆይስቲኩ ሁለቱን ጆሮዎች ያዛል፤ ቁልፉ ዓይኑን ይጨፍናል። መጨፈኑ ፈጣን፣ መገለጡ ዘገም ያለ እንዲሆን በፕሮግራሙ ይጻፍ፤ ይህች ትንሽ ልዩነት ፍየሏን የምታስብ ታስመስላታለች። ጆሮዎቹ አልፎ አልፎ በራሳቸው እንዲወዛወዙ ማድረግም ይቻላል፣ ነገር ግን ማጥፊያ ይኑረው፤ ተዋናዩ ዋናውን ቃል ሲናገር ያለ ቦታው የሚወዛወዝ ጆሮ ሳቁን ይገድለዋል።

ሬሞት በሬዲዮ ይሁን በሽቦ የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንቀሳቃሾቹ ግድግዳው ሥር ከአሻንጉሊቷ አጠገብ ስለሚቀመጡ ሽቦ የተሻለ ነው፤ አይቋረጥም፣ ከሌላ መሣሪያ ጋር አይጋጭም።

ቆዳና ፀጉር

እውነተኛ የፍየል ቆዳ ይከብዳል፣ ሲሞቅ ይሸታል፣ ከስፖንጁ ጋርም አብሮ አይለጠጥም። ከሰልባጅ የሚገኝ ሰው ሠራሽ ፀጉር ያለው ኮት ወይም ምንጣፍ ይሻላል፤ ምናለሽ ተራና የሰልባጅ ገበያዎች ውስጥ ፈልጎ የእውነተኛዋን ፍየል ቀለም ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ አይከብድም።

ስፖንጁ በስስ ፕላስቲክ ይጠቀለልና በላዩ ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ የስፌት መስመሮችና የፀጉሩ አቅጣጫ በቀስት ይሣልበታል፣ ከዚያ ተቆርጦ ሲነጠል የልብሱ ቅድ ይሆናል። የፀጉሩ አቅጣጫ ከአፍንጫ ወደ ግንባር፣ ከግንባር ወደ አንገት ነው፤ አንድ ቁራጭ ተገልብጦ ቢሰፋ ካሜራው ወዲያው ያጋልጠዋል። ጨርቁ ሲቆረጥ ከጀርባው በኩል በምላጭ መሠረቱ ብቻ ይቆረጥ፤ በመቀስ የተቆረጠ ፀጉር እንደ ተላጨ ሰው ጠርዝ ይታያል። አፍንጫና ጉንጭ ላይ ያለው ፀጉር አጭር ስለሆነ በፀጉር ቤት ማሽን ይላጭ፣ ከአገጭ በታች ያለው ጢም ግን ረዘም ብሎ ይተው፤ ስታኝክ የሚወዛወዘው እሱ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ዙሪያ በጥቁር ቆዳ ተሠርቶ ከቀረጻ በፊት ትንሽ ግሊሰሪን ከተቀባ እርጥብ ይመስላል።

አንገቱ እስከ አንቀሳቃሹ ብብት የሚደርስ ሰፊ እጅጌ ሆኖ ይሰፋል። በውስጡ ሦስት ወይም አራት የስፖንጅ ቀለበቶች ተራርቀው ይለጠፉ፤ እነሱ ከሌሉ የሰውየው ክንድ በጨርቁ ላይ ይወጣል።

ውሉን ማስበላት

ወረቀቱን የሚበላው የአንቀሳቃሹ ግራ እጅ ነው። ከአፉ በስተኋላ ቀዳዳ ይከፈትና ሁለት ጣት የሚያስገባ ስስ የፕላስቲክ ቱቦ በአንገቱ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። በውሉ ጫፍ ላይ የማይታይ ቀጭን የናይለን ክር በግልጽ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ክሩም በቱቦው ያልፋል። አውራ ጣት ባኘከ ቁጥር ግራ እጅ ክሩን ጥቂት ይስባል፤ መሳቡ መንጋጋው ሲከፈት ይሁን፣ ሲዘጋ ወረቀቱ ይቁም። ተቀድቶ የተዘጋጀው ወረቀት አዲስና ደረቅ ከሆነ ቱቦው አፍ ላይ ይታጠፍና ይሰነቀራል፤ ቀደም ብሎ በእጅ ተጨማድዶ ተመልሶ ከተዘረጋ ግን በቀላሉ ይገባል፣ የሚያሰማው የወረቀት ድምፅም ጥሩ ነው።

በውሉ ላይ ክቡ ሐምራዊ ማኅተም ከአፏ በጣም የራቀው ጥግ ላይ ይሁን። ወረቀቱ እየጠፋ ሲሄድ ተመልካቹ ማኅተሙን እየተከተለ ይጠብቃል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው እሱ ብቻ ሲሆን ፍየሏ ቆም ብላ ደላላውን ካየች በኋላ ትውጠዋለች። የማኅተሙ ጽሑፍ የፈጠራ ስም ይሁን፤ የእውነተኛ መሥሪያ ቤት ማኅተም አስመስሎ መቅረጽ ሌላ ጣጣ ያመጣል። እያንዳንዱ ቀረጻ አንድ ውል ስለሚበላ ብዙ ቅጂ ይባዛ፣ በክሎዝ አፑና በሰፊው ምስል መካከል የተነከሰው ጠርዝ እንዲመሳሰል ደግሞ በየደረጃው ፎቶግራፍ ይነሣ። እውነተኛዋ ፍየል ቀለም ያለው ወረቀት እንዳትበላ ከፊቷ ምንም ወረቀት አይቀመጥ።

አጨዋወት

ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ራሷን፣ መንጋጋዋንና ክሩን ይይዛል፤ ሁለተኛው ጆሮና ዓይን ያዛል። መሪው ራሷን የያዘው ነው፣ ሁለተኛው ከእሱ አተነፋፈስና ክንድ እንቅስቃሴ ይከተላል። ዳይሬክተሩም ሲያዝ የሚያናግረው ይህን አንዱን ሰው ይሁን፤ ለሁለቱም በየፊናው ከታዘዘ ሁለት ፍየል ይሆናሉ።

የእንቅስቃሴው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ጆሮ ይሄዳል፣ ከዚያ ማኘኩ ይቆማል፣ ከዚያ ራሷ ይዞራል፣ በመዞሩ መሃል ዓይኗ ይጨፈናል፣ ደላላውን ስታገኘው ተገልጦ ይቀራል። ቀጥሎ ምንም አይሆንም። ይህ «ምንም» ከሁሉም ይከብዳል፤ አዲስ አንቀሳቃሽ ዝም ማለት ስለሚያስፈራው ራሱን ያወዛውዛል፣ አፉን ይከፍታል፣ ሳቁ ሊመጣ ሲል ያባርረዋል። ፍየሏ በዚህ ጊዜ መተንፈስ ብቻ አለባት፤ ክንዱ በጣም በትንሹ ከፍና ዝቅ ይላል። ዝምታው ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነው የደላላው ተዋናይ ፊት ነው፤ ዓይኑ ወደ ውሉ ሲወርድ ፍየሏ ማኘኳን ትቀጥላለች፣ ከእሱ ቀድማ ከጀመረች ግን የሱ ድንጋጤ ሳይታይ ያልፋል።

ፍየሏ አስቂኝ መሆኗን ማወቅ የለባትም። ቅንድብ ማንሣት፣ ራስ መነቅነቅ፣ ሰው ሰው የሚሸቱ ምልክቶች በሙሉ ይቀነሱ። ፍየል የምታደርገውን ብቻ በማይገባው ሰዓት ስታደርግ ነው የሚያስቀው። ተዋናዩም ቢሆን ግድግዳው ሥር ያለውን ሰው ሳይሆን የፍየሏን ዓይን እንዲያይ አስቀድሞ አብሯት ይለማመድ።

ልምምዱ በሞኒተር ይደረግ። አንቀሳቃሹ ፊቱን ወደ ካሜራው ካደረገ የእሱ ቀኝ በስክሪኑ ላይ ግራ ሆኖ ስለሚታይ መጀመሪያ ላይ ያምታታል፤ ምስሉን እንደ መስታወት ከመገልበጥ ይልቅ መልመዱ ይሻላል፣ ምክንያቱም በቀረጻ ቦታ የሚገኘው ሞኒተር ሁልጊዜ አይገለበጥም።

የቀረጻ ቀን

ግድግዳው ቁመቱ አንቀሳቃሾቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚሸሸጉበት ይሁን፤ ተንበርክኮ መዋል ያደክማል። ክንድ ቶሎ ስለሚዝል ምስሎቹ በአጭር በአጭሩ ይቀረጹ፣ በመሃል ክንዱ ይውረድ፣ ለረጅሙ ምስልም ከክርን በታች የሚደገፍ እንጨት ይዘጋጅ።

ሰርቮ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ድምፅ በማይክሮፎን ይገባል። ንግግር ባለበት ምስል ጆሮና ቆብ በንግግሩ መካከል ባሉት ክፍተቶች ብቻ ይንቀሳቀሱ፣ የማኘኩና የወረቀቱ ድምፅም ለብቻው ተቀርጾ በኤዲቲንግ ይግባ።

ብርሃንን በተመለከተ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው የተሻለ ነው፤ የእኩለ ቀን ፀሐይ በቀጥታ ከላይ ስለምትወርድ የዓይን ጉድጓዱን ጥላ ያደርገዋል፣ ዓይኗ ውስጥ የብርሃን ነጥብ ከሌለ ደግሞ አሻንጉሊትነቷ ይጋለጣል። በቆርቆሮው ቢሮ ውስጥ ከሌንሱ አጠገብ አንዲት ትንሽ መብራት ብትቀመጥ ሁለቱም ዓይኖች ያበራሉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪዎቹ ከዋዜማው ተሞልተው፣ ሁለተኛ ስብስብም ተይዞ ይኬድ። ከነሱ ጋር አንድ ትርፍ ሰርቮ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መርፌና ክር፣ ማስቲሽና የፀጉር ብሩሽ በአንድ ሣጥን ይያዙ፤ ከሱሉልታ መርካቶ ድረስ ለአንድ ብሎን መመለስ ቀኑን ይበላል።

በበጋ የመንገዱ አቧራ ፀጉሩ ላይ ስለሚቀመጥ በየምስሉ መሃል ይቦረሽ። በክረምት ደግሞ ስፖንጅ ውኃ ከጠጣ ለመድረቅ ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል በመጓጓዣ ጊዜ በፕላስቲክ ይጠቅለል፣ ከረጠበም ፀሐይ ላይ ሳይሆን ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ይሰቀል። ቀረጻው ሲያልቅ ባትሪው ከቤቱ ይወጣ፣ በቱቦው ውስጥ የቀረ የውል ቁራጭ ተስቦ ይጽዳ፣ አፉና ቱቦው ይወልወሉ፤ ራሷም መሬት ላይ ሳትተኛ ከእጀታዋ በኩል ከአይጥ ርቃ ትሰቀል፣ ጆሮዎቹ ግድግዳ እንዳይነኩም ይታይ።